የደጋ ልጅ መሆን ሂማልያ ላይ አይበቃም

ሰሞኑን ስለ ሂማልያ የእግር ጉዞ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት ጓደኞቼ ላኩልኝ። «አንተ ሄደህ አይተኸዋል፣ እስቲ ምን ትላለህ?» አሉኝ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። የታወቁት የኔፓል የእግር መንገዶች፣ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕና አናፑርና፣ እያሉ ስማቸው ወዳልተሰማ ሸለቆዎች መሄድ ትርፉ ልፋት ነው፤ ተራራ ያው ተራራ ነው። ሰው የማይበዛበት መንገድ አደገኛ ነው። የእነዚህ ቦታዎች መግቢያ ፈቃድ 500 ዶላር ነው፣ ዝርፊያ ነው። መንገድ መሪ መቅጠርም ገንዘብ ማባከን ነው። ቪዛው የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ሲደርሱ ይመታል። ክረምት ላይ ሂማልያ ዝግ ነው። እዚያ ያሉትን «ዓለም ያልነካቸው» ሰዎች መረበሽ ነውር ነው። ለዚያውም ሰሜን ተራሮች እያሉልን! በመሃሉ ደግሞ አንዲት አንቀጽ አለች። እኛ ኢትዮጵያውያን የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ በደማችን ነው፣ ፈረንጆች ለመላመድ የሚያባክኑትን ቀን መዝለል እንችላለን ትላለች።

የጸሐፊውን ቅደም ተከተል ትቼ ከዚህች አንቀጽ ልጀምር። የሌላው ስህተት ዕዳው ገንዘብ ነው። የዚህኛው ዕዳ ግን ነፍስ ነው።

ጸሐፊው ከመሬት ተነስተው እንዳልጻፉት አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መረመሩ። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደማቸው ክፍል፣ በዝቶ ነው። የቲቤት ሰዎች ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል፣ እነሱ ግን በዚያው ይኖራሉ። የእኛዎቹ ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ይሄን ሳነብ እኔም ኮርቻለሁ።

ግን ጥናቱ የሚያወራው እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ቦሌ ስላደገ ሰው አይደለም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። ጥሩ መነሻ ናት፣ አልክድም። ከ5,000 ሜትር በላይ ለሚወጣ ሰው ግን መነሻ ብቻ ናት። ሰውነት የለመደውን ከፍታ ደግሞ ይረሳል። ዱባይ ወይም ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ዓመታት የኖረ የደጋ ልጅ፣ ለተራራው የቆላ ሰው ነው።

ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ዱባይ ስሠራ አብሮኝ የሚኖር የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር። ቀልጣፋ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ብርድ አይፈራም። ሁለታችን ተያይዘን ኔፓል ውስጥ ናር ፉ ወደሚባለው ሸለቆ ሄድን። ናር እና ፉ ከአናፑርና ተራሮች ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቲቤት ድንበር የተጠጉ ሁለት መንደሮች ናቸው። መግቢያው ኮቶ ነው፣ 2,600 ሜትር። ከዚያ ጠባብ ገደል ውስጥ ገብታችሁ ወንዙን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ሜታ የምትባለው ማደሪያ 3,560 ሜትር ላይ ናት። ብዙ ሰው በአንድ ቀን ይደርሳታል። በአንድ ቀን ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ማለት ነው።

መንገድ መሪያችን መሃል ላይ ዳርማሳላ የምትባል ቦታ አለች፣ እዚያ እንደር አለን። እምቢ አልነው። «እኛ የደጋ ሰዎች ነን» አልነው። ልክ ጽሑፉ እንደሚለው። ጓደኛዬ ብቻውን አልነበረም፣ እኔም ብዬዋለሁ። ሰውዬው ሳቅ ብሎ «ቢስታሪ፣ ቢስታሪ» አለ። ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። አልሰማነውም።

ማታ ጓደኛዬ እራት አልበላም። ራሴን አመመኝ አለ። ድካም ነው ተባባልን። ሌሊት አስመለሰው። ሊነጋጋ ሲል ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ቀረ። ክሩን ይዞታል፣ ግን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። መንገድ መሪው አየው። ተነስ አለውና መሬት ላይ በዱላ መስመር አሰመረ። ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ሂድ አለው። ያ በአንድ እግሩ ዘሎ ታክሲ የሚይዝ ልጅ ሦስት እርምጃ ሄዶ እንደሰከረ ሰው ወደ ጎን ወደቀ።

ያ ነገር ድካም አይደለም። አንጎል ሲያብጥ ነው። ሌላኛው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ውሃ ሲገባ ነው፤ ቁጭ ብለህም ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ያስልሃል። ሁለቱም በሰዓታት ሊገድሉ ይችላሉ። ሁለቱም አንድ ዋና መድኃኒት አላቸው፣ መውረድ። መንገድ መሪው ከቦርሳው ዴክሳሜታዞን የሚባል የአንጎል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት አውጥቶ ሰጠው። ሻንጣውን እዚያው ጥለን፣ ልጁን በመሃላችን ይዘን ወረድን። ኮቶ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። በማግስቱ «ራበኝ» ሲለኝ እንባዬ መጣ።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበት ከፍታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ ቀን እረፍት። ራስ ምታት ካለ ወደ ላይ አትሂድ። እየባሰ ከሄደ ውረድ። ጸሐፊው «ዲያሞክስ ውጦ መውጣት ነው» ያሉትም ልክ አይደለም። ዲያሞክስ ለመላመድ ያግዛል፣ ብዙ ጊዜ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው የሚታዘዘው። ሐኪም ጠይቃችሁ ነው የምትወስዱት። እረፍቱን አይተካም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኔፓል ውስጥ ዕቃ የሚሸከሙት ሁሉ ሸርፓ፣ ማለትም የከፍታው ተወላጅ፣ አይደሉም። ብዙዎቹ ከዝቅተኛው አገር የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። እነሱም ይታመማሉ። ስስ ጃኬት ለብሰው፣ ሥራዬን አጣለሁ ብለው ሕመማቸውን ደብቀው የሞቱ አሉ። የተራራ አገር ዜጋ መሆን እነሱን ካላዳነ እኛን አያድንም። የምትቀጥሩትን ሰው ልብሱን እዩ፣ ጫማውን እዩ፣ ራስህን ያምሃል ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

«ሰው የበዛበት መንገድ አስተማማኝ ነው» ወደሚለው ልለፍ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2014 ላይ ሁድሁድ የተባለው አውሎ ነፋስ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ ሂማልያ ላይ በረዶ አወረደ። ቶሮንግ ላ የሚባለው የተራራ ማለፊያ፣ 5,416 ሜትር፣ በአናፑርና ዙሪያ መንገድ ላይ ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት የእግር መንገዶች አንዱ ነው። ወቅቱ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ወር ነበር። ከ40 በላይ ሰው ሞተ፣ የአገሬው ሰዎች ጭምር። ሰው መብዛቱ በረዶውን አላቆመም። እንዲያውም ሌላው ሲሄድ እያዩ መከተል አለ።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ሩቅ ሸለቆ ውስጥ ችግር ከመጣ መውጫው ረጅም ነው። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ሄሊኮፕተር ደመና ካለ አይመጣም። ስለዚህ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ይዞ መሄድ ቅንጦት አይደለም። የጉዞ መድንም እስከ 6,000 ሜትርና የሄሊኮፕተር ማውረድን የሚሸፍን መሆኑ በጽሑፍ መታየት አለበት። ብዙዎቹ ርካሽ መድኖች ከ3,000 ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ አይሸፍኑም። አንብቡት።

«ፈቃዱ 500 ዶላር ነው» የሚለው የሁለት ቦታ ዋጋን ለሁሉም መስጠት ነው። በሰሜን ኔፓል ያሉት ላይኛው ሙስታንግና ላይኛው ዶልፖ ለዓመታት ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት 500 ዶላር ሲያስከፍሉ ቆይተዋል። ታችኛው ዶልፖና ካንቼንጁንጋ ግን በሳምንት 20 ዶላር ነበሩ። ጹም ሸለቆ በመኸሩ ወቅት በሳምንት 40፣ ናር ፉ 100። ታሪፉ ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ካንቼንጁንጋ የዓለም ሦስተኛው ተራራ ነው፣ 8,586 ሜትር። እሱን ለማየት በሳምንት 20 ዶላር መክፈል ዝርፊያ የሚባል አይመስለኝም። ገንዘቡ የሚሄደው በፈቃድ ሳይሆን በቀን ነው። ሩቅ ቦታ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ላይኛው ዶልፖን በአግባቡ ለማየት ሦስት ሳምንት ያህል፣ ድንኳን፣ ምግብና የሚሸከም በቅሎ ያስፈልጋል። ውድ የሚያደርገው ይሄ ነው። አቅም ከሌለ ጹም ይሻላል።

መንገድ መሪውንም በተመለከተ፣ እነዚህ የተከለሉ አካባቢዎች ፈቃድ ያለው መንገድ መሪና የተመዘገበ ድርጅት ሳይያዝ አይገባባቸውም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ኔፓል ለሌሎች መንገዶችም የውጭ ተጓዥ መንገድ መሪ እንዲይዝ ደንግጋለች። ሕጉ ባይኖርም እኔ እይዝ ነበር። ጓደኛዬን ያዳነው መሬት ላይ የተሰመረ መስመር ነው። ያንን መስመር ያሰመረው ሰው ነው።

ቪዛው ላይ ጸሐፊውን አጥብቄ ማረም አለብኝ። ካትማንዱ ሲደረስ ቪዛ መስጠት ለብዙ አገሮች ይሠራል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ላላቸው ወገኖቻችን ልክ ነው፤ የ30 ቀኑ 50 ዶላር ነበር። ኢትዮጵያ ግን ሲደረስ ቪዛ ከማይሰጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ ማግኘት አለበት። ይሄን ሳያውቅ ትኬት የቆረጠ ሰው ከአየር ማረፊያ ይመለሳል። ዐረብ አገር ያላችሁ ግን አንድ ዕድል አላችሁ፤ ብዙ ኔፓላውያን እዚያው ስለሚሠሩ ኤምባሲያቸው ሪያድም፣ ዶሃም፣ አቡ ዳቢም አለ።

ክረምቱም እንደዚያው። ዝናቡ የሚመጣው ከደቡብ ነው። የአናፑርናና የዳውላጊሪ ተራሮች እንደ ግድግዳ ይቆሙና ያስቀሩታል። ከኋላቸው ያሉት ላይኛው ሙስታንግና ላይኛው ዶልፖ ደረቅ ናቸው። ሕንድ ውስጥ ላዳክ እና ስፒቲም እንዲሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄዱባቸዋል፣ ለእኛ ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። አስቸጋሪው መድረሻው ነው። ወደ ዶልፖ ጁፋል የምትባለው ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ በደመና ምክንያት ለቀናት ልትዘጋ ትችላለች። ወደ ላዳክ በአውሮፕላን የሚሄድ ደግሞ ከዴልሂ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው የሚያርፈው። ስለ ጓደኛዬ የነገርኳችሁን አስታውሱ።

«ተራራ ያው ተራራ ነው» ለሚለው ብዙ አልከራከርም። ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ግሩም ቦታ ነው። በደህናው ዓመት ተራራው ወዳለበት ብሔራዊ ፓርክ ከ50 ሺህ በላይ የውጭ ሰው ይገባል፤ ያም ሰው ምክንያት አለው። ግን እኔን የወሰደኝ ተራራው ብቻ አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ልጅ ጋር ተመለስን። በዚህ ጊዜ ዳርማሳላ አደርን። ሜታ ሁለት ሌሊት ቆየን። ኪያንግ በድንጋይ የተሠሩ የተዘጉ ቤቶች ያሉበት ባዶ ሜዳ ነው፣ እዚያም አደርን። ከዚያ ፉ ደረስን፣ 4,080 ሜትር። መንደሩ ኮረብታ ላይ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ የተሠራ ነው። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ደጅ ነው። ከወንዙ ማዶ ታሺ ላካንግ የሚባል ገዳም አለ። ጠዋት ጥድ ያጤሳሉ። ሽታው ለእኛ አዲስ አይደለም።

ያደርንበት ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው። ሁሉም «ዲዲ» ይላቸዋል፣ እቴ እንደማለት ነው። ምድጃው ውስጥ የያክ ኩበት ይነዳል። ጓደኛዬ ገና በሩን ሲያልፍ ቆመ። «የእማዬ ቤት ነው የሸተተኝ» አለ። ዲዲ ከጆንያ ዱቄት ዘገኑ፣ በቅቤ ሻይ ለወሱት፣ በእጃቸው ጠቅልለው ሰጡን። ቀመስን። ተያየን። በሶ ነው። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ። እነሱ ጻምፓ ይሉታል። ጓደኛዬ በአማርኛ «በሶ፣ በሶ» ሲል ዲዲ አብረውት «ቤሶ» እያሉ ይስቁ ነበር። በነጋታው ወደ ናር ስንወርድ በፌስታል ቋጥረው ሰጡን። ካንግ ላን የወጣነው እሱን እየበላን ነው፣ 5,320 ሜትር። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል በሆነበት ቦታ። «ላ» በቋንቋቸው የተራራ ማለፊያ ማለት ነው። እኛ ጣርማ በር እንደምንለው፣ በር።

«ዓለም ያልነካቸው ሰዎች» የሚለው አባባል ያስቆጣኝ በዚህ የተነሳ ነው። የዲዲ ልጅ ዶሃ ነው የሚሠራው። ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው አሳዩኝ። የሥራ ልብስ ለብሶ፣ ቆብ አድርጎ፣ ከጀርባው ያልተጨረሰ ፎቅ አለ። እኔም ዱባይ እንደምሠራ በመንገድ መሪው በኩል ስነግራቸው እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። «ይሞቃል አሉ፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኚህን ሴት ዓለም አልነካቸውም ማለት እንዴት ይቻላል?

ታሪካቸውም ያንን አይልም። የዶልፖ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከቲቤት ጨው፣ ከቆላው እህል እያመላለሱ የኖሩ ነጋዴዎች ናቸው። ከአፋር አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ትግራይ እንደሚወጡት ሲራራ ነጋዴዎች። እ.ኤ.አ. ከ1959 በኋላ ድንበሩ ሲጠብቅና ርካሽ የሕንድ ጨው ሲመጣ ንግዱ ተዳከመ። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደረው ያርሳጉምባ በሚባለው ነገር ነው። አባጨጓሬ ላይ የሚበቅል ፈንገስ ነው፣ ለቻይና ገበያ በውድ ይሸጣል። በወቅቱ ልጅ አዋቂው ተራራ ላይ ነው፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት ሳይቀር ይዘጋል። ይሄ ከገበያ የራቀ ሕዝብ አይደለም። ገቢ ያስፈልገዋል፤ እንግዳ አንዱ ገቢ ነው።

ነውር የሚሆነው መሄዱ ሳይሆን አካሄዱ ነው። ጹም ሸለቆ እንስሳ አይታረድም። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የቆየ ቃል ኪዳናቸው ነው። እዚያ ገብቶ ዶሮ ካልታረደልኝ የሚል ሰው ቢቀር ይሻላል። ለእኛ ደግሞ ምን ይከብዳል? ዳል ባት የሚባለው የየቀኑ ምግብ ሩዝና ምስር ወጥ ነው። ቅቤ አታድርጉበት ካላችሁ ጾመኛም ይበላዋል። ሰውን ፎቶ ከማንሳት በፊት ላንሳ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ለልጆች ከረሜላ አለመበተን፣ ፕላስቲክን ይዞ መመለስ። እነዚህን ከእናቶቻችን ቤት የምናውቃቸው ናቸው።

ሰሜን ተራሮች እያሉልን ላሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ባሌም አለ፣ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሁሉ በፊት እነሱን እዩ። ሰውነታችሁንም እዚያ ፈትኑት። ራስ ምታቱ ከየት ከፍታ እንደሚጀምራችሁ አገራችሁ ላይ ብታውቁት ጥሩ ነው። አንዱን ማየት ሌላውን መናቅ አይደለም።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ ፈቃዱም፣ ስለ ክረምቱም ያሉትን እንዳለ ይተዉት፤ ሰው ጠይቆ ይደርስበታል። ቪዛውን ቢያርሙልን ደስ ይለኛል። ያቺን የመሃል አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጧት። ጽሑፍዎ ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። መስከረም ጠብቶ የመውጫው ወቅት ሲደርስ እሷን አንብበው ዳርማሳላን ሳያድሩ የሚያልፉ ልጆች ይኖራሉ።